ኦዴሳ ፕሩት ያቀፈቻቸው ሰዎች

መጀመሪያ ማሊያውን ትገለብጠዋለች። ስፌት ከፊት አይተረተርም፤ ከፊት የጀመረ ሰው ጨርቁን ተልትሎት ያርፋል። በግራ እጇ የፊደሉን ጠርዝ ወጥራ ትይዛለች። በቀኟ መተርተሪያውን፣ ያቺን ጫፏ እንደ ሹካ የተሰነጠቀች ትንሽ ብረት፣ ከታችኛው ክር ሥር ታስገባና አራት ስፌት ቆጥራ ትበጥሳለች። አራት፣ ብጥስ። አራት፣ ብጥስ። ዙሪያውን ስትጨርስ ማሊያውን ወደ ፊቱ ትመልሰዋለች፣ የላይኛውን ክር ጫፍ በወረንጦ ትይዛለች፣ ትስበዋለች። ክሩ ሳይበጠስ ተግተልትሎ ይወጣል፤ ፊደሉ ይነሳል። ፊደሉን ወደ ብስኩት ቆርቆሮው ትጥለዋለች፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቆርቆሮ አለው። የቀሩትን ጥቃቅን ክሮች ትለቅማለች፣ እርጥብ ጨርቅ ታነጥፋለች፣ ካውያ ትጭንበታለች። እንፋሎቱ የመርፌውን ቀዳዳ ይዘጋዋል። በመጨረሻ ማሊያውን ወደ መብራቱ አንስታ ታያለች። ሰውየው እዚያ ኖሮ የማያውቅ ይመስላል።

አጭር ስም ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። ረጅም ስም አሥራ አምስት።

በጁላይ የመጨረሻ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የተረተረችው የቤዝቦል ሜዳውን ሦስተኛ ማዕዘን የሚጠብቀውን ተጫዋች ስም ነበር። ሰውየው ቁርሱን እየበላ ሳለ ከሌላ ቡድን በሚመጡ ሁለት ወጣት ተጫዋቾች ተለውጦ ሄዷል። ከእንቁላሉ ግማሹ ሳህኑ ላይ ቀርቷል።

ኦዴሳ ፕሩት ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሙያውን የተማረችው ከወንዙ ማዶ በነበረው የድንኳን ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው እስኪዘጋ ሃያ ሁለት ዓመት ሸራ ሰፍታለች። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኬንዳል ፌሪ ቤዝቦል ቡድን ማሊያ ሰፊ ናት። ቡድናችን ድሬጀርስ ይባላል፤ የወንዝ ደለል ጠራጊዎች ማለት ነው፤ ስሙም ውጤቱም ይመሳሰላል። ክፍሏ ከስታዲየሙ ሥር፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ባለ ገመድ የግድግዳ ስልክ፣ ሃያ ስድስት የማሊያ መስቀያ። ምሳዋ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፤ የአሳማ ሥጋ ሳንዱች እና በረዶ የገባበት ሻይ።

በቤዝቦል አብዛኛውን ጊዜ ሰው በገንዘብ አይገዛም፤ ሰው በሰው ይለወጣል። የልውውጡ መዝጊያ ደግሞ በዚያ ቀን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ዓለም ቢገለበጥ ስም ዝርዝሩ አይነካም። ስለዚህ ኦዴሳ ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ የምትሰፋውን ስም ስፌቱን ታሰፋዋለች። የሰፋ ስፌት ቶሎ ይተረተራል፤ ሥራን ማቅለል ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ተጫዋቾቹ ግን ትርጉም ሰጡት። ጁላይ ሲገባደድ በየምክንያቱ ወደ ክፍሏ ብቅ እያሉ የገዛ ማሊያቸውን ገልብጠው ስፌት ይቆጥራሉ። በሚሊዮን የሚከፈለው ሰው በጥፍሩ ክር እየለካ ላብ ያሰምጠዋል።

በዚያ ጠዋት መጀመሪያ የመጣው ኤምሪክ ቶሊቨር ነው። ተጠባባቂ ኳስ ቀላቢ ነው፤ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚውል፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል።

“ደህና አደሩ ሚስ ኦዴሳ። ያቺ የእግር መከላከያዬ ማሰሪያዋ...”

“ማሰሪያዋን እሰፋታለሁ። ማሊያህ እዚያ ነው፤ ሂድ እይ። ለዚያ አይደል የመጣኸው?”

ቶሊቨር አፈረ፣ ግን ሄዶ ገለበጠ። ቆጠረ። ፊቱ በራ። “ጠባብ ነው!”

“ያንተን አልነካሁትም። ማን ይወስደዋል ብዬ!”

“አፍዎ ቡሩክ ይሁን! ኦስትራንደርም ጠዋት እንዲህ ነው ያለኝ፤ ‘ስማ ቶሊቨር፣ ስለ አንተ የጠየቀ ቡድን የለም። አንድም!’ አለኝ። ማንም እንደማይፈልገኝ ሲነገረኝ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።”

ኦስትራንደር የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሰው የሚለውጠው እሱ ነው።

“ሚስትህ ሪናስ እንዴት ናት?”

“ለመውለድ ዘጠኝ ቀን ቀራት። እግሯ አብጧል። ስትሰድበኝ አደረች።”

“መስደቧ ደግ ነው። ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው።”

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሪና ሁለት ጊዜ ጸንሳ ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። ሁለቱንም ጊዜ ቶሊቨር በሌላ ከተማ ጨዋታ ላይ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ በስልክ ነው የሰማው። ለዚህኛው ከአጠገቧ እንደማይጠፋ ምሎላታል። የተለወጠ ተጫዋች ደግሞ ወዲያው ይበርራል፣ በማግስቱ አዲሱ ቡድን ዘንድ ይገኛል። ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን በመጀመሪያው ቀን ፈቃድ የሚጠይቅ የሠላሳ ስድስት ዓመት ቀላቢ በሁለተኛው ቀን ቡድን አይኖረውም። ኦዴሳ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ማሊያውን አጥፋ ሰጠችው።

“በል ሂድ። ዛሬ ማንም እንዳይፈልግህ እጸልይልሃለሁ።”

ጨዋታው ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ። የዋናው ቀላቢ አውራ ጣት ስላበጠ ቶሊቨር ገባ። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ መጣና ሁሉንም ለሁለት ሰዓት አስቀመጠ። ሜዳው ደርቆ እንደገና ሲጀመር አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፤ ያ ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር፤ ሁሉም ቀድሞ ቤቱ ይገባ ነበርና።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የግድግዳው ስልክ ጮኸ። በጨዋታ ሰዓት ተጫዋች ስልክ መያዝ ክልክል ስለሆነ ሚስቶቹ ሁሉ የኦዴሳን ቁጥር ያውቃሉ።

“ሚስ ኦዴሳ፣ እኔ ነኝ፤ ሪና። የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። እህቴ እየነዳች ሆስፒታል እየወሰደችኝ ነው።”

“ቶሊቨር ዘጠኝ ቀን ይቀራታል ብሎኝ ነበር።”

“ዘጠኝ ቀኑን ለልጁ ማን ነገረው? ለእሱ ይንገሩልኝ!” አለችና ምጡ መጣባት። ስትሰድብ የዋለች ሴት ድንገት ዝም አለች። ኦዴሳ ያን ዝምታ ስትሰማ ስልኩን ሰቀለች፣ የተሰፋውን ማሰሪያ አነሳች፣ በመተላለፊያው ወደ ሜዳ ወጣች።

ተጫዋቾቹ የሚቀመጡት ከሜዳው ጥቂት ዝቅ ባለ፣ ባለ ጣሪያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሃያ ሰው ደርደር ብሎ የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማል፣ ገለባውን ይተፋል። ቶሊቨር ጥግ ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል።

“ቶሊቨር፣ ሪና ደውላ ነበር። ውሃዋ ፈሷል። ሆስፒታል እየሄደች ነው።”

ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። ያ መቶ ኪሎ ሰው ብድግ ብሎ ቆመ። “ሦስተኛው ነው” አለ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። “ሚስ ኦዴሳ፣ ሦስተኛው ነው።”

“አይዞህ። አይዞህ ልጄ።” አቀፈችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ተጫዋች መለወጡን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በጨዋታ መሀል ነው። አሠልጣኙ ከሜዳ ያስወጣዋል፣ ጓደኞቹ በየተራ ያቅፉታል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በመዝጊያው ቀን ካሜራዎቹ ኳሱን ትተው ጉድጓዱን ነው የሚያዩት። እቅፍ ታየ ማለት ሰው ተለወጠ ማለት ነው፤ ከወረቀቱ በፊት እቅፉ ይታመናል። ተጫዋቾቹም ይህን ስለሚያውቁ በዚያ ቀን አይነካኩም። ኳሱን መትቶ ከስታዲየም ውጭ ያሳረፈ ሰው እንኳ ሲመለስ ደስታው የሚገለጽለት በክርን ነው። ኦዴሳ ይህን ደንብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታውቀዋለች። ምድር ቤት ስለምትውል ግን ተፈጻሚ ሆኖባት አያውቅም።

የቴሌቪዥኑ ተራኪ ከወንበሩ ተነሳ። “አየሁት! ቶሊቨር ታቀፈ! ቶሊቨር ሄደ!”

“ማናት ያቀፈችው?” አለ ጓደኛው።

“ሰፊዋ ናት! ስሙን የምትተረትረው ራሷ ናት! ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ትፈልጋለህ?”

አሠልጣኙ ሃንራቲ በዚያች ቅጽበት ዘወር አለ። ሃንራቲ ሠላሳ ዓመት ያሠለጠነ ሰው ነው፤ ስለ ልውውጥ ግን ከሻንጣ ተሸካሚው ቀጥሎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ መጠየቅ ትቷል። እቅፉን አየ፣ እንባውን አየ፣ በቃው። የተለወጠ ሰው ሜዳ ላይ ቢጎዳ ልውውጡ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ወዲያው ከጨዋታው አወጣው። በቤዝቦል አንዴ የወጣ አይመለስም።

“ሂድ ልጄ” አለው፤ የእሱም ዓይን ረጠበ። “ጨርሰሃል። ሂድ።”

“አሠልጣኝ! አወቁ እንዴ?”

“አየሁ። እንግዲህ ኑሮ ነው።”

“እግዜር ይስጥልኝ! ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ጨዋታው ይለቅ ነበር የሚለኝ!”

“እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ለሪና ሰላም በልልኝ። ከባድ እንደሚሆንባት አውቃለሁ።”

“ለሁለት ጊዜ ሸክሙ ከብዷት ነበር፤ አሁን ትወጣዋለች!” አለ ቶሊቨር፤ አሠልጣኙን ጥምጥም ብሎ አቀፈው። ሁለተኛው እቅፍም በካሜራ ገባ። ቶሊቨር የደረት መከላከያውን እንደታጠቀ፣ ጫማው አስፋልቱን እያንኳኳ፣ ወደ መኪናው ሮጠ። ሆስፒታሉ ሃያ ደቂቃ ነው።

ፎቅ ላይ ኦስትራንደር የገዛ ቀላቢው መለወጡን በቴሌቪዥን ሰማ። ደነገጠ። ወደ ቡድኑ ባለቤት ደወለ፤ እሳቸውም የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት ናቸው።

“ቶሊቨርን እርስዎ ነዎት የለወጡት?”

“እኔ አይደለሁም” አሉ። “ግን ለመሆኑ ደህና ነገር አገኘንበት?”

ስልኩን ከማስቀመጡ ስልኩ ጮኸ። ጠዋት ስለ ቶሊቨር የጠየቀ አንድም ቡድን አልነበረም፤ አሁን በአራት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ደወሉ። ሌላው የፈለገው ዕቃ ምን ጊዜም ይፈለጋል። ከሁሉም የባሰበት ከምዕራቡ ባሕር ዳርቻ ያለው የሳን ኦልሞ ቡድን ነበር፤ ቀላቢያቸው ጣቱን ሰብሯል።

“ለማን ሰጠኸው?” አሉት።

“ገና አልፈረምኩም” አለ ኦስትራንደር። ውሸት አልነበረም።

“እኛ ግራኝ ወርዋሪ እንሰጥሃለን። ወጣት ነው። አሁኑኑ!”

ኦስትራንደር ግራኝ ወርዋሪ፣ በግራ እጁ ለመቺው ኳስ የሚወረውር ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈልግ ነበር። እሺ አለ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን መተየብ ጀመረች፤ ለኦዴሳ ደግሞ እንደ ደንቡ ቁራጭ ወረቀት ተላከላት፤ “27፣ ቶሊቨር፣ ይተርተር።”

ኦዴሳ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ መቀሷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አራት ፎቅ በደረጃ ወጣች፤ ሊፍቱ በጋዜጠኛ ተሞልቶ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

“ሚስተር ኦስትራንደር፣ ይሄ ምንድነው?”

“ሚስ ኦዴሳ፣ ግማሽ ሰዓት ነው የቀረኝ፤ እባክዎ...”

“የሰውየው ሚስት ምጥ ላይ ናት! እኔ ያቀፍኩት ለዚያ ነው። ማንም አልለወጠውም።”

ኦስትራንደር ስልኩን በመዳፉ ከደነው። “ማንም አልለወጠውም?”

“ማንም።”

“ታዲያ ሃንራቲ ለምን አስወጣው?”

“እኔ ስላቀፍኩት።”

“እኔስ ለምን እየለወጥኩት ነው?”

“ሃንራቲ ስላስወጣው!”

ኦስትራንደር ክፉ ሰው አይደለም። “እውነትዎን ነው” አለ። “ከመጀመሪያው ምንም ነገር አልነበረም። አሁን ግን ግራኝ ወርዋሪ አለ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ እነሱ ራሳቸው ካልተዉት እኔ አልተውም።”

“ራሳቸው ቢተዉትስ?”

“ቢተዉት አልቀየምም። ግን ለምን ይተዋሉ? የተሻለ ነገር ካላዩ በስተቀር።”

“የተሻለ ነገር” አለች ኦዴሳ። ደረጃውን ወረደች።

ቡድናችን አንድ የሚፈለግ ሰው ነው ያለው። ዳሪዮ ኬሳዳ ይባላል፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ማዕዘን መሀል የሚቆም፣ ከከተማው ሕፃናት ግማሹ ስሙን ጀርባው ላይ የለበሰለት። እሱን መለወጥ ማለት ስታዲየሙን ቆልፎ ቁልፉን ወንዝ መጣል ነው፤ ኦስትራንደር አያደርገውም፤ ሳን ኦልሞዎች ግን አያደርገውም ብለው እርግጠኛ አይደሉም። ኦዴሳ ጉድጓዱ ስትደርስ ኬሳዳ የመምታት ተራውን ጨርሶ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

“ኬሳዳ፣ ና ወዲህ።”

“ሚስ ኦዴሳ፣ ምን ሆነዋል? ዛሬ አይነካካም እኮ!”

“አውቃለሁ። ና።”

“እመቤቴ! ሚስቴ እያየች ነው፤ ቤት ከገዛን ገና ወሩ ነው!”

“ለሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ ራሴ ደውዬ አስረዳታለሁ። ና አልኩህ!”

አቀፈችው። ለካሜራው ግልጽ እንዲሆን ረጅም አድርጋ አቀፈችው፤ ጀርባውን መታ መታ አደረገች። ከአጠገቡ የተቀመጠው ኮልቢ ኒስዋንገር የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ወርዋሪ ነው። ከትናንት ወዲያ ስለወረወረ የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ የሱፍ ፍሬውን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ቀና ብሎ አያት፣ ፈገግ አለ፣ እጁን ዘርጋ አደረገ። አንዱን አቅፎ አጠገቡ የተቀመጠውን ዘሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ኦዴሳ እንደዚያ ሆና አላደገችም። እሱንም አቀፈችው። በዚህ መሀል የሜዳ ዳኛው “እናቴ፣ እዚህ መቆም አይፈቀድልዎትም” ሊላት መጣ። አንዴ ክንዷ ተከፍቶ ነበርና ዳኛውንም አቀፈችው።

“ኬሳዳ!” ጮኸ ተራኪው። “ኬሳዳ ሄደ! ኒስዋንገር ሄደ! ... ዳኛው?!”

“ዳኛ ይለወጣል እንዴ?” አለ ጓደኛው።

“ከዛሬ ወዲያ ምኑን አውቃለሁ!”

ሃንራቲ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለው። “ኬሳዳንም?! ኬሳዳንም ሸጡብኝ?!” አለ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው፣ ከጨዋታው አወጣው። የሦስተኛው ማዕዘን ጠባቂ ጠዋት ሄዷል፣ ምትኮቹ ገና አውሮፕላን ላይ ናቸው። በኬሳዳ ቦታ የሚያቆመው ሰው ቢፈልግ ያገኘው አንድ የአርባ ዓመት ረዳት ወርዋሪ ነው፤ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ኳስ ሲወረውር እንጂ ሲይዝ ታይቶ አይታወቅም። “የት ነው የምቆመው?” ብሎ ጠየቀ። ከመቀመጫው ሕዝብ መካከል አንድ ጎልማሳ ሰው የኬሳዳን ማሊያ አውልቆ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ያኔ ሦስት ለሁለት እየመራን ነበር። አሥራ አንድ ለሦስት ተሸነፍን።

ፎቅ ላይ የሳን ኦልሞው ሰው ደወለ። “ወረቀቱን አቁም! ቶሊቨርን ተወው። ኬሳዳን ነው የምንፈልገው።”

“ኬሳዳ አይለወጥም።”

“ታዲያ ለምን ታቀፈ?”

“ሰፊዋ ስለምትወደው።”

“ኦስትራንደር፣ አታሹፍብኝ። ለማን ሰጠኸው? ሁለት ሰው እጨምራለሁ። ሦስት!”

“እየነገርኩህ ነው፤ ለማንም!”

“አራት!”

እንዲህ እየተባባሉ አሥራ አምስት ደቂቃ አለቀ። እውነቱን በተናገረ ቁጥር ሰውየው የበለጠ ጠረጠረው። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ግን የሳን ኦልሞው ሰው ባዶ እጁን መቅረቱ ታወቀው፤ የተሰበረ ጣት ያለው ቀላቢ አለው፣ አለቃው ከጎኑ ቆሞ ሰዓት ያያል። ቶሊቨርን እንደገና ሊጠይቅ አፈረ፤ አንድ ጊዜ ንቆታል። “እሺ ያ ሌላኛውስ? ያ የታቀፈው ልጅ፣ ወርዋሪው?” አለ። “በግራኙ ይሁን።”

ኦስትራንደር እንደ ኒስዋንገር በቀኝ እጁ የሚወረውር ልጅ ሰባት አለው። ወረቀቱ ተዘጋጅቷል። ጸሐፊዋ የቶሊቨርን ስም አጥፍታ “ኒስዋንገር” ብላ ጻፈች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ አርባ ሰከንድ ሲቀር ተላከ። ቀላቢ የሚፈልገው ቡድን ወርዋሪ ወሰደ። ወርዋሪ የነበረን እኛ ወርዋሪ አገኘን። በመዝጊያው ቀን ከዚህ የሚሻል ስሌት አይጠበቅም።

ኦዴሳ ያኔ ክፍሏ ሆና ሬዲዮ ትሰማ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላና የቶሊቨር ስም ሳይጠራ ሲቀር ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሁለተኛ ቁራጭ ወረቀት መጣ። “41፣ ኒስዋንገር፣ ይተርተር።”

በላቲን ፊደል ሲጻፍ ዘጠኝ ነው። ስድስቱን እንዳነሳች ልጁ ራሱ ሻንጣውን ተሸክሞ ገባ። ማሊያውን ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ቆም አለ።

“ጨረሱት?”

“ሦስት ፊደል ቀርቶኛል።”

“ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁዎት። ታክሲው እስኪመጣ ነው።” ግድግዳውን ተደገፈ። “ሚስ ኦዴሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ለምን እኔን?”

ሌላ ሰው የሆነ ነገር ይፈጥርለት ነበር። ኦዴሳ ግን ቀጥ ያለች ሴት ናት። “አጠገቡ ተቀምጠህ ነበር። ዝም ብዬህ ባልፍ ይከፋሃል ብዬ።”

ልጁ ሻንጣውን አነሳ። “አዎ” አለ። “ይከፋኝ ነበር።” ጨበጣትና ሄደ። ማቀፍ ሁለቱም አልደፈሩም።

ሪና ንጋት ላይ ወለደች። ሴት፣ ሦስት ኪሎ፣ ድምጿ ጎላ ያለ። ቶሊቨር በማግስቱ፣ ልጅ የወለደ አባት ወግ ነውና፣ ሲጋራ እያደለ መጣ። ለግማሽ ሰዓት የሳን ኦልሞ ተጫዋች እንደነበር የነገረው የለም። “ሃንራቲ ምን ዓይነት ሰው ነው!” እያለ ለየሰው ይመሰክራል። ሃንራቲ ቶሊቨርን በማግስቱ መልበሻ ክፍል ሲያገኘው ለአንድ ደቂቃ ያህል አየውና “ተመለስክ?” አለው፤ “የት እሄዳለሁ!” አለው ቶሊቨር፤ ሃንራቲም እንደ ልማዱ ሌላ ሳይጠይቅ አለፈ። ኬሳዳ አሁንም አዲሱ ቤቱ ውስጥ ነው። አዲሱ ግራኝ ስሙ አሥራ ሦስት ፊደል አለው፣ ሁለት መስመር ይፈልጋል፣ እስካሁን አንድ ጨዋታ አሸንፏል። ቡድኑ ደግሞ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከጁላይ ሃያ አምስት እስከ መዝጊያው ድረስ ሚስ ኦዴሳ ፕሩት ወደ ሜዳ አትወጣም። የተሰፋ ዕቃ በመስኮት ነው የምትሰጠው። ደንቡ ተለጥፏል፤ ፍሬም አድርጋለታለች።

ኒስዋንገር በሳን ኦልሞ አራት ጊዜ ወርውሯል፤ አራቱንም ተሸንፏል። የዚያ ከተማ ሕዝብ ገና ከመጀመሪያው ኳስ ይጮኽበታል። ኦዴሳ ጨዋታውን በክፍሏ ትንሽ ቴሌቪዥን ታያለች፤ መርፌዋን ታቆምና ታያለች። ቡድን ውስጥ ስለ ስፌት እንጂ ስለ ጨዋታ አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ነገር አለኝ ትላለች፤ እንዲህ ብላ፦

“ሳን ኦልሞ የምትኖሩ ሰዎች፣ ወይ እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ ይሄን አንብባችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁ ትከሻው ቶሎ አይሞቅም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ኳሶች ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ሁሌም እንደዚያው ነው፤ እስከ ሁለተኛው ዙር ድረስ አትጩኹበት። ደግሞ ማሊያው ጠቦታል። እጁን ሲያነሳ ጨርቁ ወደ ጎኑ ሲስበው በቴሌቪዥን አየዋለሁ። እኔ ሁሌ አስፍቼ ነበር የምሰፋለት። እዚያ ያለችውን ሰፊ የሚያውቃት ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ የቀኝ ብብቱን ሁለት ጣት አስፊለት በሏት።”